ገንዘብ ጌጥ ሲሆን፦ ከቢዛንታይን የወርቅ ሳንቲም እስከ መርሳው ማርትሬዛ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ የሚገኘው መርሳ፣ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ በበዓልና በሠርግ ቀን ከአረጋውያን እናቶች አንገት ላይ የሚወርደውን ትልልቅ የብር ገንዘብ ያውቀዋል። የአያቴ ድሪም ሦስት ማርትሬዛ ነበረው። ልጅ ሳለሁ በጣቴ እያገላበጥሁ፣ «እማማ፣ ይህ ሁሉ ብር ከየት መጣ?» ብዬ በጠየቅኋት ጊዜ አንድ በአንድ እየነካች፣ «ይቺ የጥሎሼ ናት፤ ይቺ የወይፈን ናት፤ ይቺን ደግሞ አባትህ ሲወለድ አያትህ ከባቲ አመጣልኝ» አለችኝ። ለእርሷ ሦስቱ ብሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ለእኔ ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ሦስቱም አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ዓይነት ጽሕፈትና አንድ ዓይነት ዓመተ ምሕረት የተቀረጸባቸው ናቸው።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ጎን ያለ አንድ የታሪክ ርእስ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህ የልጅነት ጥያቄዬ ትዝ አለኝ። ገንዘብ ለመለወጥና ለመሸመት የተሠራ ነገር ሆኖ ሳለ ሰዎች ከገበያ አውጥተው በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ስለ ምንድን ነው? ይህስ ልማድ በእኛ ሀገር ምን ያህል ዕድሜ አለው? መሬት ቆፍረን መሠረት የምንጥል፣ መንገድና ቦይ የምንቀድ እኛ መሐንዲሶችስ ከዚህ ነገር ጋር ምን ያገናኘናል? እነሆ በሚከተሉት ገጾች ለእነዚህ ጥያቄዎች እንደ ዐቅሜ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። አንባቢ እንዲያስተውለው፣ ስለ ጥንቱ ዘመን ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከምንጩ ለመጀመር፣ የወርቅ ገንዘብ በዓለም ንግድ ላይ ከፍ ያለ ክብር ያገኘው በሮማውያንና በወራሾቻቸው በቢዛንታይን ነገሥታት ዘመን ነው። ታላቁ ቈስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሶሊዱስ የተባለውን የወርቅ ሳንቲም አወጣ። ከአንድ የሮማውያን ሊትር ወርቅ 72 ሶሊዱስ እንዲወጣ ተደንግጎ ስለ ነበር አንዱ 4.5 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በ330 ቈስጠንጢንያ የመንግሥቱ መቀመጫ ሆና ከተመረቀች በኋላም ይኸው ሚዛን ጸንቶ ኖረ። እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ድረስ፣ ማለትም ሰባት መቶ ዓመት ለሚሆን ጊዜ፣ የወርቁ ጥራት ሳይጓደል መቈየቱ በገንዘብ ታሪክ ውስጥ አቻው በቀላሉ የማይገኝ ነው።

የዚህን ሳንቲም ዝና በሚመለከት ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ሶጳጥሮስ የተባለ ነጋዴ በዛሬይቱ ስሪ ላንካ ንጉሥ ፊት ከአንድ የፋርስ ሰው ጋር ተከራከረ፤ ክርክሩም ከሁለቱ ነገሥታት የሚበልጠው ማን ነው የሚል ነበር። ሶጳጥሮስም ብዙ ቃል ሳያባክን ሁለቱን ገንዘቦች አስመጥቶ ጎን ለጎን አሳየ። የፋርሱ የብር፣ የሮሙ የወርቅ ነበርና ፍርዱ ለሮም ሆነ። ኮስማስ ይህን የሰማው በቀይ ባሕር ላይ የአክሱም መንግሥት ወደብ ከነበረችው ከአዱሊስ ሰዎች መሆኑን ይናገራል። ከዚህም የተነሣ የቢዛንታይን ወርቅ ወሬ ለእኛ አባቶች እንግዳ እንዳልነበረ እንረዳለን።

እንዲህ ያለ ክብር የነበረው ሳንቲም ወደ ጌጥነት መለወጡ የሚያስደንቅ አይደለም። ከቆጵሮስ ደሴት ተገኝቶ ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚታየው የወርቅ መታጠቂያ በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከነገሠው ከሞሪስ ጥብርዮስ ሜዳልያዎችና ከሌሎች የወርቅ ሳንቲሞች ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ከላይኛው ግብጽ ከአስዩጥ አካባቢ ወጥቶ በልዩ ልዩ ሀገሮች ሙዚየሞች በተበተነው የወርቅ መዝገብ ውስጥም ሳንቲሞችን በግማሽ ክብ ደርድሮ የሚይዝ ሰፊ የደረት ጌጥ ይገኝበታል። ልማዱ ከግዛቱ ወሰን ውጭም ተሻግሮ ነበር። በእንግሊዝ ሀገር በኖርፎክ አውራጃ የተገኘው የዊልተን መስቀል መካከሉ ላይ የንጉሥ ሕርቃል ሶሊዱስ ተሰክቶበታል። በሳንቲሙ ላይ ያለው መስቀል ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው የተዘቀዘቀ ነው፤ ለባለቤቱ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲመለከተው ቀጥ ብሎ ይታያል። ሠሪው ተሳስቶ ነው ከማለት ይልቅ ለለባሹ ዓይን ብሎ ያደረገው ነው ለማለት የሚያስደፍር ምክንያት አለ።

ሰዎች ገንዘብን የሚያጌጡበት ምክንያት በእኔ አስተያየት ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቍጠባ ነው። ባንክ በሌለበት ሀገር በአንገት ላይ ያለ ወርቅ ሌባ የማይሰርቀው፣ ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ አብሮት የሚሄድ ግምጃ ቤት ነው። ሁለተኛው ክብር ነው። የንጉሥ መልክ ያለበትን ሳንቲም ያንጠለጠለ ሰው ከንጉሡ ጸጋ ተካፋይ መሆኑን ያስታውቃል። ሦስተኛው ጥበቃ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባደረገው ስብከት የመቄዶንያውን እስክንድር መልክ የያዘ የነሐስ ሳንቲም በራሳቸውና በእግራቸው የሚያስሩ ክርስቲያኖችን አጥብቆ ገሥጿቸዋል። መገሠጹ ልማዱ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበር ያስረዳል። በኋላም በሳንቲሞቹ ላይ መስቀል ሲቀረጽ፣ ገንዘቡን በአንገት ማሰር ከማተብ እምብዛም የማይለይ ሆነ።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። አክሱም በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሷን ገንዘብ መምታት ጀመረች። በዚያ ዘመን የወርቅ ሳንቲም በስሙ ያሠራ መንግሥት በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነበር። የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ቈስጠንጢኖስ የሮምን ሚዛን ከለወጠ በኋላ የአክሱሙም ወደ 1.6 ግራም ወረደ። ይህም ከሶሊዱስ ሢሶ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ የአክሱም ሠራተኞች ሚዛናቸውን የሚያስተካክሉት የባሕር ማዶውን ገበያ እያዩ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በቀድሞው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ፈንታ መስቀል አስቀረጸ። ከዚያ በኋላ ከወጡት የነሐስ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ በግሪክኛ የተጻፈው ቃል «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጕም አለው። በብርና በነሐስ ሳንቲም ላይ መስቀሉን ወይም የንጉሡን ራስ ብቻ ለይቶ በወርቅ መለበጥም የአክሱም አንጥረኞች የተለዩበት ጥበብ ነው፤ ገንዘቡ ገና ከመመታቱ ጌጥነት ነበረው ማለት ነው።

የአክሱምና የቢዛንታይን ወርቅ አብሮ ይዘዋወር እንደ ነበር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በየመን ከኤደን ብዙ ሳይርቅ በአል መድሐሪባ የተገኘው መዝገብ ነው። በውስጡ ከነበሩት ከ1100 የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ከ860 በላይ የሚሆኑት የሮምና የቢዛንታይን፣ ከ320 በላይ የሚሆኑት የአክሱም ናቸው። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ከሀገር ውስጥ ይልቅ በደቡብ ዐረብ በብዛት መገኘቱ፣ ወርቁ በተለይ ለውጭ ንግድ የሚያገለግል እንደ ነበር ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ስለ ጌጥ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የተገኘው ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ባለችው በሰንዓፈ አጠገብ፣ በመጠራ ነው። ፈረንሳዊው የአርኬዎሎጂ ባለሙያ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚያ የአክሱም ዘመን ከተማ ሲቈፍር በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የወርቅ መዝገብ አገኘ። በውስጡ ሁለት መስቀሎች፣ ሰንሰለቶች፣ የልብስ መያዣ ጌጥ፣ ብዙ እንጥልጥሎችና ጨሌዎች እንዲሁም 14 የሮም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳንቲሞቹ ማንጠልጠያ ቀለበት ተበጅቶላቸው የአንገት ጌጥ ሆነዋል። ነገሥታቱም አብዛኞቹ በ2ኛው መቶ ዓመት የነገሡ ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ ከ200 ዓመት ገደማ አያልፉም።

የዚያ ዘመን የሮም ወርቅ ሳይበላ ቢመዘን አንዱ ከ7 ግራም ጥቂት ይበልጣል። ስለሆነም 14ቱ ሳንቲሞች ብቻቸውን ወደ 100 ግራም፣ በእኛ ሚዛን ሦስት ወቄት ተኩል ያህል ወርቅ ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን ዋጋቸው በወቄት የሚያልቅ አይደለም። አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ይህን ነው፦ ሳንቲሞቹ ከ200 ዓመት ገደማ ወዲያ የተመቱ ናቸው፤ መስቀሎቹ ግን ክርስትና በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ቤተ መንግሥት ሃይማኖት ከመሆኑ በፊት ተሠርተዋል ለማለት ያስቸግራል። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ስለ ተገኙ፣ ዕቃው ተከድኖ በተቀበረ ጊዜ ሳንቲሞቹ ቢያንስ የመቶ ዓመትና ከዚያም የበለጠ ዕድሜ ነበራቸው። እንግዲህ ጌጡ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረ ንብረት እንደ ነበር እንረዳለን። ይህን ሁሉ የነገረን ወርቁ አይደለም፤ ወርቁና መስቀሉ አብረው መገኘታቸው ነው። አንድ ሰው ዕቃውን አግኝቶ 14ቱን ሳንቲም ለአንዱ፣ መስቀሎቹን ለሌላው ሸጧቸው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ግራም ወርቅ ሳይጠፋ ታሪኩ ሙሉ በሙሉ በጠፋ ነበር።

አክሱም ገንዘብ መምታት ካቆመች በኋላ ሀገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅ፣ በብረትና በሚመዘን ወርቅ ስትገበያይ ኖረች። በወሎ ገበያዎች ትልቅ የብር ገንዘብ የሰለጠነው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ከመጣ ወዲህ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ዐረፈች፤ ገንዘቧ ግን ያን ዓመት እንደ ያዘ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች በመቶ ሚሊዮኖች ተመታ። የእኛ ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው መርምሮ ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው የልብስ መያዣ ዙሪያ የተደረደሩት ዕንቍዎች በግልጽ ካልታዩ ብሩን ይመልሰዋል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ ይኸው ክብደት የወርቅ መመዘኛ ወቄት ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ወርቅ የሚመዝነው ሰው ሁሉ ሳያውቀው የማርትሬዛን ሚዛን ይዞ ይኖራል ማለት ነው።

የገንዘብ ነገር ከመርሳ አጠገብ ከአንድ ታላቅ የታሪክ ጉዳይ ጋርም ተያይዟል። ከመርሳ በስተ ደቡብ በምትገኘው በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ሁላችንም የምናውቀው በ17ኛው አንቀጹ ነው። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኰንን ኢጣልያ ሳሉ በተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት ውስጥ ግን ስለ ገንዘብ የሚናገር አንቀጽ ነበረበት። ይኸውም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የራሳቸውን ገንዘብ ሊያሠሩ እንደሚችሉ፣ የሚመታውም በኢጣልያ መንግሥት ገንዘብ መምቻ ቤት እንደሚሆን የሚወስን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን ካፈረሱ በኋላ መልካቸውና የይሁዳ አንበሳ ያለበትን ብር ያስመቱት በኢጣልያ ሳይሆን በፓሪስ ነው፤ በላዩም የተጻፈው 1887 ዓ.ም. ነው። ገንዘብ የነጻነት ምልክት መሆኑን እንዱቢስም ምኒልክም በእኩል ያወቁት ይመስለኛል። ቢሆንም ሕዝቡ የለመደውን ማርትሬዛ በቶሎ አልተወውም፤ ከገበያ እየወጣ በሄደ ጊዜም ወደ ድሪውና ወደ አንጥረኛው ወናፍ ገባ።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ላንሣ። ንጹሕ ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የመጠራው ሠሪ ከዚህ በታች የሚቀልጥ ቅይጥ ወርቅ ይዞ ማንጠልጠያውን ሲበይድ ሰፊ የሙቀት ልዩነት ስለ ነበረው የንጉሡን መልክ ሳያበላሽ ሊሠራ ይችላል። ማርትሬዛ ግን ከመቶው 83 እጅ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። እንዲህ ያለው ቅይጥ በ779 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። አንጥረኛው ከዚህ በታች የሚቀልጥ መበየጃ ማዘጋጀትና እሳቱን በዓይኑ ብቻ እየለካ ከወሰኑ ሳያሳልፍ ማቆም አለበት። ጥቂት ቢያሳልፍ የንግሥቲቱ ፊት ይፈስሳል። የሙቀት መለኪያ ሳይኖራቸው፣ የብረቱን ቀለም መለዋወጥ ብቻ እያዩ ይህን የሠሩ እጆች በትምህርት ቤት ካገኘነው ዕውቀት ያላነሰ ዕውቀት ነበራቸው።

ገንዘብን ጌጥ ለማድረግ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ማቀፍ ነው፤ የቢዛንታይን ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ሳንቲሙን በቀለበት ውስጥ አስገብቶ ጠርዙን መቈልመም። በዚህ ጊዜ ሳንቲሙ እሳት አይነካውም፤ በማናቸውም ቀን ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው መብሳት ወይም መበየድ ነው፤ ሳንቲሙ ይጐዳል እንጂ ይነበባል። ሦስተኛው ማቅለጥ ነው። ብዙዎቹ የብር መስቀሎቻችን፣ አልቦዎቻችንና አንባሮቻችን የተሠሩት ከቀለጠ ማርትሬዛ ነው። ይህን በመንቀፍ አልናገርም፤ ከሚቀልጠው ገንዘብ ሌላ የጥበብ ሥራ ይወለዳልና። የሚያሳዝነው ጌጡ ራሱ፣ ድሪው ከነሳንቲሙ፣ በክብደት ተሸጦ ሲቀልጥ ነው።

በዚህም ቢሆን ፍርዳችን የሰውን ችግር ያስተዋለ መሆን አለበት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረኃብ ጊዜ በሬ ሞቶ እህል ባለቀበት ቤት የመጨረሻው ሀብት የሴቲቱ ጌጥ ነበር። ድሪዋን ለእህል የሸጠች እናት ቅርስ አጠፋች አይባልም፤ ጌጡ በመጀመሪያ የተሠራበትን ጉዳይ ፈጸመ እንጂ። የአያቴም «የወይፈን» ያለቻት ብር በ1977 እንዲህ ሆና ከቤት ወጣች። ያን ጊዜ የተሸጠው አንድ ብር፣ በንጹሕ ብር ቢሰላ 23 ግራም ያህል ነው። የተገዛበት እህል የስንት ሰው ነፍስ እንዳቈየ ግን በሚዛን አይገለጥም።

ሆኖም ከችግር ውጭ፣ በግዴለሽነት ብቻ የሚጠፋው ብዙ ነው፤ በዚህ በኩል ነገሩ እኛን ይመለከታል። በአካባቢው የቆቦና ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጕድጓዶች ተቈፍረዋል፤ ከአዋሽ እስከ ወልድያና ሐራ ገበያ ለተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ተራራ ተሸንሽኗል፤ የከተማ ቤቶች መሠረትም በየዓመቱ ይቈፈራል። በመላ ሀገሪቱ እንዲሁ ነው። መሬቱን ከአርኬዎሎጂ ባለሙያ በፊት የሚከፍተው የእኛ መኪና ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 በግንባታ፣ በመንገድ ሥራና በመሳሰለው ቍፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ደንግጓል። ብዙዎቻችን የአፈርን የመሸከም ኀይል በቃላችን ስንወጣ ይህን ድንጋጌ ግን ሰምተነው አናውቅም።

በተግባር የሚፈለግብን ከባድ አይደለም። አንድ ማሰሮ፣ አንድ የዛገ ዕቃ ወይም አንድ ሳንቲም በአካፋው ጫፍ ሲታይ በዚያ ቦታ ሥራውን ማቆም፤ ዕቃውን ከነአፈሩ በነበረበት መተው፤ መለኪያ አጠገቡ አድርጎ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ ጥልቀቱንና ቦታውን በደብተር መጻፍ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለቅርስ ባለሥልጣን ማስታወቅ። ሳንቲሙን በሎሚ ወይም በአሲድ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ ጽሕፈቱ ያለው ብዙ ጊዜ በዛገው ቅርፊት ውስጥ ነው። ለቀን ሠራተኛውም አስቀድሞ ማስረዳትና ላገኘው ነገር ምስጋና እንዲያገኝ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ያገኘውን በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ ቢሄድም ጥፋቱ ከእርሱ ይልቅ የእኛ ነው። የመጠራው ዕቃ ያስተማረን ይህንኑ ነው፦ የተቀበረ ነገር የሚናገረው ከጎረቤቶቹ ጋር ሳለ ብቻ ነው።

በሰው አንገት ላይ ያለው ማርትሬዛ ደግሞ ከተቀበረው ይልቅ የባሰ ዲዳ ነው። የመጠራው ሳንቲም ቢያንስ የንጉሡን ስም አይቶ ዘመኑን መገመት ይቻላል። ማርትሬዛው ግን በ1780ም ተመታ፣ ከ150 ዓመት በኋላም ተመታ፣ የሚያሳየው ያንኑ 1780 ነው። የትኛው በጥሎሽ፣ የትኛው በወይፈን፣ የትኛው በልጅ መወለድ እንደ መጣ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለተቀበረው ጌጥ አፈሩ ምስክር እንደሆነ ሁሉ፣ ለታሰረው ጌጥ ምስክሩ የእናቶቻችን ቃል ነው። አፈሩን ሳይነካ መጠበቅ ካለብን ቃሉንም ሳይዘገይ መጻፍ አለብን።

ከአያቴ ሦስት ብሮች ዛሬ ሁለቱ በቤታችን አሉ። አንዷ የጥሎሹ፣ አንዷ ከባቲ የመጣችው መሆኗን አውቃለሁ፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ግን በልጅነቴ ልብ ብዬ አልያዝሁም፤ አያቴም ካረፈች ቈይታለች። በመሐንዲስ ሚዛን መዝኛቸዋለሁ፤ ሁለቱም መልሱን አይሰጡም። እናቶቻቸው በሕይወት ያሉላቸው ባልደረቦቼ ግን መጪው በዓል ላይ አጠገባቸው ተቀምጠው እያንዳንዱን እየነኩ፣ «ይህስ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚሰሙትንም ይጻፉት።